ሌላው በር

ለአዲስ አበባ ከተማ የሕፃናት ማቆያ መስፈርት ለምታወጡ፣ ፈቃድ ለምትሰጡና ለምትቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶች

ግልባጭ፦ ልጃችሁን የት እንደምታውሉ ለተቸገራችሁ እናቶችና አባቶች፤ በየቤታችሁ የሰው ልጅ ለምትጠብቁ እህቶቼ

ጉዳዩ፦ በመኖሪያ ቤት ለሚሠራ አነስተኛ የሕፃናት ማቆያ የራሱ የፈቃድ ደረጃ እንዲወጣለት ስለመጠየቅ



ሃያ ስድስት ዓመት የአፀደ ሕፃናት መምህርት ሆኜ ሠርቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል። የምኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ምድር ላይ በሚገኝ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው። ቤቱ የራሴ ነው። ከሁለቱ መኝታ ክፍሎች አንዱን ለልጆች አዘጋጅቼዋለሁ፤ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ሸጬ ወለሉ ላይ የሚታጠብ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ አምስት ትንንሽ ፍራሾች አሠራሁ፣ ሶኬቶቹን አስደፈንኩ፣ ኩሽናው በር ላይ አናጢ ጠርቼ እስከ ወገቤ የሚደርስ መዝጊያ አስገጠምኩ። ክፍሉ ከተዘጋጀ ሰባት ወር ሆነው። እስከ ዛሬ የሚውልበት ግን የልጅ ልጄ ብቻ ነው። አራቱ ፍራሾች ከነላስቲካቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

በእነዚህ ሰባት ወራት በሬን ያንኳኩትን እናቶች በደብተር መዝግቤያቸዋለሁ፤ ሃያ ሦስት ናቸው። ያለ ፈቃድ የሰው ልጅ አልቀበልም ብዬ ሁሉንም መለስኳቸው። ከእኔ ደጅ የተመለሰች እናት ግን ልጇን ይዛ ቤቷ አትገባም። በማግሥቱ ሥራ መግባት አለባትና ሄዳ ሌላ በር ታንኳኳለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ሌላው በር ነው።

ያንን በር አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ልጄ ወልዳ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ገና አስተምራለሁ። ሰፈር ውስጥ ልጅ የምትጠብቅ ሴት አለች ተባለና ሕፃኑ እሷ ዘንድ መዋል ጀመረ። አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በግማሽ ቀን ሲለቀን፣ እመጣለሁ ሳልል ልጁን ላየው ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ጆሮዬን ሳስጠጋ ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላው ተከተለው። ሴትየዋ ከሩብ ሰዓት በኋላ ዱቄት ተሸክማ ከወፍጮ ቤት መጣች። በሩን ስትከፍተው አሥራ አንድ ልጆች ቆጠርኩ። ትልቁ ሦስት ዓመት አይሞላውም። መስኮቱ ዝግ ነው። ጥግ ላይ ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ አለ፤ ፍሙ አመድ ለብሷል፣ እጄን ሳስጠጋው ግን ይፋጃል። የከሰል መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭሱ ጠፍቷል ተብሎ ምድጃው ወደ ቤት ሲገባ ነው ሰውን በእንቅልፉ የሚወስደው።

የዚያን ቀን ማንም አልሞተም። የልጅ ልጄን አቅፌ ወጣሁ። ሴትየዋን ግን አልከሰስኳትም። ይህን ስጽፍ ልቤ እየከበደኝ ነው፤ መክሰስ ነበረብኝ ብዬ ያሰብኩበት ሌሊት ብዙ ነው። የከለከለኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ቤቱ ቢዘጋ በማግሥቱ ጠዋት የቀሩት አሥር እናቶች ልጆቻቸውን ወዴት ያደርሳሉ? ደግሞም ክፉ ሴት አይደለችም። ዱቄቱን እንኳ በወጉ ሳታስቀምጥ የሚያለቅሰውን ሕፃን አንስታ አዘለችው፤ ልጁም ጀርባዋ ላይ ሲሆን ዝም አለ። ከአንድ ልጅ የምትቀበለው ትንሽ ስለሆነ አሥራ አንድ ትይዛለች። አሥራ አንድ ስለያዘች ረዳት ያስፈልጋታል። ረዳት ብትቀጥር ደግሞ ለራሷ የሚተርፋት የለም። ምድጃ ባለበት ቤት ሕፃን አይዘጋበትም ብሎ የነገራት የለም፤ መጥቶ ያያት የለም። ሕግ ስለማያውቃት የሚጠይቃትም የሚረዳትም አላገኘችም።

ልጄ ከዚያ በኋላ ሥራዋን ለቀቀች። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቤት ዋለች፤ ስትመለስ የነበረችበት ቦታ በሌላ ሰው ተይዞ ነበር።

እስቲ የሕጉን ቀን አብረን እንቁጠር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንዲት ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ታገኛለች። በሳምንት አምስት ቀን የምትሠራ ከሆነ 90 የሥራ ቀን 18 ሳምንት ነው፤ ስድስት ቀን የምትሠራ ከሆነ 15 ሳምንት። እንግዲህ ሥራ ስትመለስ ልጇ አራት ወር ቢሆነው ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ እስከ ስድስት ወር ከጡት ወተት በቀር ውኃ እንኳ አታቅምሺው ብሏታል። አዋጁም ጤና ጣቢያውም ለልጁ አስበው ነው የተናገሩት፤ በሁለቱ መካከል ያሉትን ሁለት ወራት ግን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ለአባትየው ያው አዋጅ የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው። ከስድስት ወር በኋላም ነገሩ አያበቃም፤ አፀደ ሕፃናት ልጅ የሚቀበለው ሦስት አራት ዓመት ሲሆነው ነውና።

ይህም የወር ደመወዝ ላላት ነው። ጉልት የምትቸረችረው፣ የሰው ልብስ የምታጥበው፣ ሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይና ሲሚንቶ የምታቀብለው እናት አርባና ሰማንያው ሳይሞላ ነው ከአራስ ቤት የምትወጣው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። ከተማዋም ለቀዳማይ ልጅነት ትኩረት መስጠት ከጀመረች ወዲህ ነገሩ በየስብሰባው ይነሳል። በየመሥሪያ ቤቱ የተከፈቱት ማቆያዎች የብዙ እናቶችን ዕንባ አብሰዋል። ይሁን እንጂ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ መጥታችሁ ቁሙ። ቤቶቹ የተሠሩት ከተማው ዳር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ያለው መሐል ከተማ ነው። የአምስት ወር ሕፃን በብርድ አዝላ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ፣ በግፊያ መሐል ልጇን ቢሮዋ ድረስ የምታደርስ እናት ጥቂት ናት። እናት የምትፈልገው ማቆያ ከደረጃው ወርዳ፣ ልጇን ሰጥታ፣ ወደ ሰልፉ የምትሮጥበትን ነው።

ድሮ ይህን የሚሠራው ጎረቤት ነበር። እኔ ያደግሁት ልደታ ነው፤ እናቴ ገበያ ስትሄድ ማን ቤት እንደምውል የሚነግረኝ አልነበረም፤ በአጥራችን ዙሪያ ያለው ቤት ሁሉ ቤቴ ነበር። ሰፈሩ ሲነሳ አንዳችን ጀሞ፣ አንዳችን የካ አባዶ፣ አንዳችን ኮዬ ፈጬ ደረሰን። እዚህ ደረጃ ላይ ሰላም የሚለኝን ሰው ስም ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አያት ታማለች፣ አክስት አገር ቤት ናት። ስለዚህ ከገጠር አንዲት ልጅ ትመጣለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይቀጠርም ይላል፤ ሕፃን አዝላ በየደረጃው የማያት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ራሷ ጠባቂ የሚያስፈልጋት ናት። እሷም ካልተገኘች የሕፃኑ ታላቅ እህት ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከክፍሌ ከጠፉት ልጆች መካከል ስንቶቹ እህቶች ታናሽ ሊጠብቁ እንደቀሩ አውቃለሁ፤ እናቶቻቸው እያፈሩ ነግረውኛል።

እንግዲህ እኔ ልጀምረው ወደፈለግሁት ሥራ ልምጣ።

ፈቃድ ለማውጣት ወረዳ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ትሁት ልጅ ናት፤ ወንበር ሰጥታኝ ሰማችኝ። ከዚያ የመስፈርት ዝርዝር አወጣችልኝ። የመጫወቻ ግቢ፣ ለብቻው መኝታ፣ ለብቻው መመገቢያ፣ ለታመመ ልጅ ክፍል፣ የሠራተኛ ክፍል ይላል። አንብቤ ስጨርስ «እናቴ፣ ይኼ ለማዕከል የተዘጋጀ ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ቅጽ ግን የለኝም» አለችኝ። የብቃት ማረጋገጫ ከሌለ ንግድ ፈቃድ የለም። ንግድ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ በሕግ ፊት እኔና ያቺ ወፍጮ ቤት የሄደችው ሴት አንድ ነን።

መስፈርቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሠላሳና አርባ ልጅ የሚሰበስብ ተቋም ይህንን ሁሉ ማሟላት አለበት፤ እንዲያውም ጠበቅ ይበል። የእኔ ጥያቄ ለአምስት ልጅ ነው። ሒሳቡን ላሳያችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ከአንድ ልጅ በወር 3,500 ብር ብቀበል ከአምስቱ 17,500 ብር ይሆናል። ለረዳቴ 6,000 እከፍላለሁ። ለአንድ ልጅ ምግብ በቀን 50 ብር ብመድብ፣ በወር 22 የሥራ ቀን፣ ለአምስቱ 5,500 ይሄዳል። ሳሙና፣ መብራት፣ ውኃ፣ የተሰበረ መጠገኛ 1,500 ልበል። 4,500 ብር ይተርፈኛል፤ ግብሩ የሚከፈለውም ከዚሁ ነው። ከጡረታዬ ጋር ሲደመር ያኖረኛል፤ የሚያኖረኝም የቤት ኪራይ ስለማልከፍል ነው። አሁን ግቢ ያለው ቤት ተከራዪ ተባልኩ እንበል። ኪራዩን ለመክፈል ሃያ፣ ሠላሳ ልጅ መያዝ ይኖርብኛል። ለሠላሳ ልጅ አምስት ስድስት ሠራተኛ፣ ምግብ አብሳይ፣ ዘበኛ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ከአንዱ ልጅ የምጠይቀው ክፍያ እጥፍ ይሆናል፤ ያንን መክፈል የሚችሉት እናቶች ደግሞ ደጄን ያንኳኩት ሃያ ሦስቱ አይደሉም። ለትልቅ ቤት የወጣ መስፈርት ትንሿን ቤት አያሻሽላትም። ትደበቃለች እንጂ።

ለምን አምስት? ይህን የወሰንኩት በብር አይደለም። አንድ ቀን ክፍሉ መሐል ቆሜ፣ እሳት ቢነሳ ስንት ልጅ ይዤ እወጣለሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አንዱን በአንቀልባ አዝላለሁ፣ አንዱን አቅፋለሁ፣ መራመድ የሚችለውን በእጄ እይዛለሁ። ሦስት ናቸው። ረዳቴም እንደዚሁ ሦስት። ስድስት ሆነ፤ የሰው ልጅ ሲደነግጥ አንዱ ከእጅ ያመልጣልና አንድ ቀነስኩ። ከአምስቱም ዓመት ያልሞላቸው ከሁለት አይበልጡም፤ ምክንያቱም ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መመገብና ማስተኛት የሚችለው ሁለት ሕፃን ነው።

ይህ የእኔ የጀርባና የክንድ ልኬት ሌላ አገር በሕግ ተጽፎ ሳገኘው ደስ አለኝ። እንግሊዝ አገር በቤት ልጅ የሚጠብቁ ሴቶችን በሕግ መመዝገብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ዛሬ አንዲት ጠባቂ ብቻዋን ከስምንት ዓመት በታች ከስድስት ልጅ በላይ አትይዝም፤ ከስድስቱ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑት ሦስት፣ ዓመት ያልሞላው ደግሞ በተለምዶ አንድ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ሕግ ሙያውን ስም ሰጥታ አውቃዋለች፤ በቤቷ የምትጠብቅ ሴት መጀመሪያ ትሠለጥናለች፣ የእናቶችና ሕፃናት ጤና አገልግሎት መጥቶ ቤቷን ያያል፣ የተፈቀደላት የልጅ ቁጥር ወረቀቷ ላይ ይጻፋል። እነዚህ ሀብታም አገሮች ናቸው ትሉኝ ይሆናል። ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የጀመረችው ግን በድሃ ሰፈር እናቶች ቤት ነው፤ መንግሥት ምግቡን እየደጎመ፣ እያሠለጠነ፣ የሰፈሩን ልጆች በሰፈሯ ሴት ቤት ያውል ነበር።

ከሁሉም የሚቀርበኝ ደግሞ የራሳችን ሴቶች ነገር ነው። ከእኔ ጋር ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሄዳ በቤቷ ልጅ ትጠብቃለች፤ በዚያ አካባቢ ይህንን ሥራ የያዙ የአገሬ ሴቶች ብዙ ናቸው። በዚያ ግዛት በመኖሪያ ቤት እስከ ስምንት ልጅ ይፈቀዳል፤ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑት በመደበኛው ከሁለት አይበልጡም። ሠልጥናለች፣ አሻራ ሰጥታለች፣ ቤቷ ተፈትሿል። ተቆጣጣሪዋ ሳትነግራት ትመጣለች። «መጀመሪያ ስትመጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ሳትመጣ ስትቆይ ነው የሚከፋኝ» ብላኛለች በስልክ። ሁለታችንም የተማርነው አንድ ቦታ ነው፣ እጃችንም አንድ ነው። እሷ ዘንድ የሚመጣ ተቆጣጣሪ አለ፤ የእኔን በር ግን ተቆጣጣሪ አንኳኩቶት አያውቅም።

ስለዚህ ከማዕከሉ በታች አንድ ደረጃ አውጡልን። ስሙን እናንተ ታወጡለታላችሁ፤ እኔ የቤት ውስጥ አነስተኛ ማቆያ እለዋለሁ። ቁጥሩ ይገደብ፤ የተፈቀደው የልጅ ብዛት በትልቁ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ፣ እናት ሁሉ ቆጥራ ትግባ። ጠባቂዋም ረዳቷም፣ እዚያው ቤት የሚያድር አዋቂ ሁሉ፣ ባልም ወንድምም ቢሆን፣ ከወንጀል ነፃ መሆኑን በአሻራ ያረጋግጥ። ይህን የመጨረሻውን አደራ እላለሁ፤ በማቆያ ቤት ልጅን የሚጎዳው ሁልጊዜ ጠባቂዋ አይደለችም። የሳንባ ምርመራ እናድርግ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ስጡን፤ እኔ የታነቀ ሕፃን እንዴት እንደሚገለበጥ የተማርኩት በሃያኛው የሥራ ዓመቴ ነው፤ ይህ ዘግይቷል።

ክትትሉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሁንም ቤት ለቤት ይዞራሉ። እኛን የሚያሳይ አንድ ገጽ መዝገባቸው ላይ ይጨመርላቸው፤ በመጡ ቁጥር ልጆቹን ይቁጠሩ፣ የክትባት ካርዳቸውን ይዩ፣ ክንዳቸውን ይለኩ። አምስት ሕፃናት በአንድ ቤት መገኘታቸው ለእነሱም አምስት ደረጃ ከመውጣት ያድናቸዋል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ለሆነች፣ ወይም በግል ቤት ኪራይ ለምትኖር ሴት ደግሞ ይህንን ሥራ መሥራት የምትችልበት ግልጽ ደንብ ይኑር፤ የራሷ ቤት ያላት ብቻ የምትጠቀምበት ፈቃድ እኔን ይጠቅም ይሆናል፣ ያቺን ሴት ግን አይደርስላትም። ለጉልት ነጋዴዋ 3,500 ብር እንደማይቻላት አውቃለሁ። በከተማ ሴፍቲኔት የታቀፉ እናቶች የልጃቸው ክፍያ በከፊል ቢሸፈንላቸው እኔም አንዱን ፍራሽ ለእነሱ ልጅ እመድባለሁ፤ ይህን በጽሑፍ ልፈርም ዝግጁ ነኝ።

ፍተሻው ምን ቢያይ እወዳለሁ? ቀለሙን አይይ። ኩሽናዬን ይይ። በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ እንዳልተቀመጠ ይይ፤ ውኃ መስሎት የሚጠጣ ልጅ ጉሮሮው ይቃጠላልና። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም በርሜልና ባልዲ አለን፤ ክዳኑ የሚገጥም መሆኑን ይይ፣ ሕፃን በአንድ ክንድ ጥልቀት ውኃ ውስጥ በግንባሩ ወድቆ ይሞታል። ጀበናውና ረከቦቱ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቅ፤ እኔ ልጅ ባለበት ሰዓት ቡና አላፈላም፣ ጎረቤቶቼም ይህንን ለምደውልኛል። ቆሎና ኦቾሎኒ ከልጆች ክፍል መራቁን ይይ። ትንንሾቹ በጀርባቸው መተኛታቸውን፣ ፊታቸው ላይ ብርድ ልብስ አለመከመሩን ይይ። ይህ ሁሉ ግቢ አይጠይቅም፤ ዓይን ነው የሚጠይቀው።

አሁን ደግሞ ለእናንተ፣ በየቤታችሁ ይህን ሥራ ለያዛችሁና ለመጀመር ለምታስቡ እህቶቼ።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ። የልጁ ስም፣ የእናትና የአባት ስልክ፣ ሁለቱም ባይገኙ የሚደወልለት ሦስተኛ ሰው፣ የማይስማማው ምግብ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን ሊወስደው እንደሚችል ይጻፍ። ደብተሩ ላይ ስሙ ያልሰፈረ ሰው፣ አጎቱ ነኝ ቢል እንኳ፣ ልጁን አይወስድም። እናትየዋን ደውላችሁ ጠይቁ። መቀያየም ይመጣል፤ ይምጣ።

ክፍያው ለቦታው እንጂ ለቀኑ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ልጁ ሁለት ሳምንት አገር ቤት ቢሄድ ፍራሹ የእሱ ነው፤ ረዳታችሁም ደመወዟን ትፈልጋለች። ስለመዘግየትም ተነጋገሩ። እናት ታክሲ አጥታ አንድ ሰዓት ብትዘገይ ሰው ነውና ይቻላል፤ በየቀኑ ከሆነ ግን የእናንተ ቤት ምሽት የለውም። ይህን በፍቅር ለመናገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወረቀት ላይ ሲሆን ይቀላል።

የታመመ ልጅ አትቀበሉ። ትኩሳት ያለው፣ የሚያስመልሰው፣ ዓይኑ የሚያዥ ልጅ ቤቱ ይዋል። እናንተ ዘንድ ሳለ የሚያስቀምጠው ልጅ ካለ እናቱ እስክትመጣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ ስጡት። የክትባት ካርድ ሳታዩ አትመዝግቡ፤ ኩፍኝ በዘጠኝ ወርና በ15 ወር ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

የምታጠባ እናት ስትመጣ ዱቄት ወተት ግዢ አትበሏት። ጡቷን አልባ ታምጣ። የታለበ የጡት ወተት በንጹሕ ዕቃ እስከ አራት ሰዓት ውጭ ይቆያል፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን። ጡጦ አጥቦ መቀቀል አድካሚ ነው፤ ትንሽ ሲኒ ይበቃል፣ የአራት ወር ሕፃን ከሲኒ ይጠጣል። ከስድስት ወር በኋላ ገንፎውን ወፈር አድርጉት፤ ውኃ ውኃ የሚል አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። እንቁላልና ቅቤ፣ አልፎ አልፎም ጎመን ጨምሩበት።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ያየሁት ይህ ነው፤ እናቱ ተደብቃ የወጣችበት ልጅ ለወራት በሩን ይጠብቃል። እናቱ በመጀመሪያው ቀን አብራው ተቀምጣ፣ በማግሥቱ ግማሽ ቀን፣ በሦስተኛው ቀን «ማታ እመጣለሁ» ብላ ስማው የወጣችበት ልጅ ያለቅሳል፣ ግን ይበላል። እሹሩሩ በሉት። ልጁ ድምፃችሁን ሲለምድ ቤታችሁን ይለምዳል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ነርስ ጎረቤቴ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ቀን ትተኛለች። ሐሳቤን ስነግራት መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። ኋላ ተስማምተን የጩኸቱን ጨዋታ ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አደረግሁት፣ የሕንፃው ኮሚቴም በቃለ ጉባዔ ፈረመልኝ። ቃለ ጉባዔው አለኝ። የጤና ምርመራዬም አለኝ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዬም አለኝ። ሁሉንም በአንድ ክላሰር አስሬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። የጎደለው እናንተ ዘንድ ያለው ቅጽ ነው።

ቅጹ እስኪዘጋጅ ድረስም ቢሆን አንድ ባለሙያ ልካችሁ ቤቴን አስፈትሹት። የተበላሸ ካለ ንገሩኝ፣ አስተካክላለሁ። ቤቴ በማንኛውም የሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ቀጠሮ አያስፈልግም። የልጅ ልጄ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ይተኛል። በዚያ ሰዓት ከመጣችሁ በቀስታ አንኳኩ።


አንዲት ጡረተኛ የአፀደ ሕፃናት መምህርት
ጀሞ፣ አዲስ አበባ